ፎቶው የማይነግርሽን ጻፊው

ልጄ፣ መጻፍ እንደምትፈልጊ ነገርሽኝ፤ ደስ አለኝ። ስልክሽንም ከፍተሽ አሳየሽኝ። ካዛንቺስ ከመፍረሱ በፊት ያነሣሻቸው ፎቶዎች ተቆጥረው አያልቁም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሰው ሁሉ አልጋና ቁም ሣጥኑን አይሱዙ ላይ ሲጭን፣ አንቺ ቆም ብለሽ አይተሻል። ጎበዝ ነሽ። ዐይን አለሽ፤ ይህን ለማንም እናገራለሁ።

ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። አትቀየሚኝ። ከዚያ ሁሉ ፎቶ ሥር አንዲት መስመር እንኳ አልጻፍሽም። ቀኑን ስልኩ ይዞልሽ ይሆናል። የቤቱን ባለቤት ስም ግን አልያዘልሽም። ስጠይቅሽ «አውቀዋለሁ፣ አልረሳውም» አልሽኝ። ትረሺዋለሽ፣ ልጄ። ሰው ሁሉ አልረሳም ይላል፤ ሰው ሁሉ ይረሳል።

እስቲ ያንን የአረንጓዴውን በር ፎቶ እንውሰድ። ዛሬ ስታዪው የሚታይሽ በሩ ብቻ አይደለም። ከበሩ ኋላ ያለው ግቢ ይታይሻል። አምስት ቤተሰብ ከአንድ ቧንቧ የሚቀዳበት፣ በአንድ ገመድ ልብስ የሚያሰጣበት ግቢ። የማለዳው የእንጀራ ጭስ ይሸትሻል። ማታ ከአዝማሪ ቤቶቹ የሚመጣው የማሲንቆ ድምፅ ይሰማሻል። ይህ ሁሉ ፎቶው ላይ የለም። አንቺ ዘንድ ነው ያለው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግማሹ ከአንቺም ዘንድ ይጠፋል። ለልጅሽ ስታሳዪው ደግሞ አረንጓዴ በር ነው፤ የማንም ሰው በር።

ፎቶ ብቻውን የተቆላ ቡና ነው። መዓዛው ቤቱን ይሞላዋል፤ ወቅጠሽ ካላፈላሽው ግን የሚጠጣ ነገር የለም። መውቀጡና ማፍላቱ የቃል ሥራ ነው። የምለምንሽ ይህንኑ ነው። አንሺ፤ ካነሣሽ በኋላ ግን ተቀመጪና ጻፊ።

ይህ ከውጭ የመጣ ዘዴ እንዳይመስልሽ። ቤታችን ፎቶንና ጨዋታን ለይቶ አያውቅም። እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪደርስ አልበም ይሰጠው ነበር። እንግዳው ገጹን ይገልጣል። የቤቱ እመቤት ከጀበናው ሳትነሣ «እሱ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ሐረር ጦር አካዳሚ የገባ ጊዜ» ትላለች። ከዚያ ወሬው ይቀጥላል። አቦል ላይ የተጀመረው በረካ ላይ ሲያልቅ፣ እንግዳው የአንድ ቤተሰብን ዕጣ ሰምቶ ይነሣል። ፎቶው ራሱም ጀርባው ባዶ አልነበረም። ለማን እንደተሰጠ፣ ለምን መታሰቢያ እንደሆነ፣ ቀንና ዓመተ ምሕረቱ፣ ከታች ፊርማው። ወታደሩ ለእጮኛው፣ ተማሪው ለጓደኛው እንዲህ ጽፎ ነበር የሚሰጠው። አያትሽ አልበም ውስጥ ያሉትን ከፕላስቲካቸው ቀስ አድርገሽ አውጪና ጀርባቸውን አንብቢ። አንዳንዱ ጀርባ ከፊቱ ይበልጣል።

ለቅሶ ላይም አይተሻል። የሟቹ ፎቶ በፍሬም ሆኖ ይያዛል። አልቃሿ ፊቱን እያየች ግጥም ታወርዳለች። ቁመናውን ትላለች፣ ሥራውን ትላለች፣ ትቷቸው የሄዳቸውን ልጆች በየስማቸው ትጠራለች። ከአንድ ጉርድ ፎቶ ተነሥታ ሙሉ ሰው ታቆማለች። የድርሰት ትምህርት ቤት አልገባችም። ፊት ማየትና ቃል መምረጥ ግን ታውቃለች። አንቺ የምትፈልጊው ሙያ ይኸው ነው፤ ከሩቅ አትፈልጊው።

«እንዴት ልጀምር?» ትዪኛለሽ። አንድ ፎቶ ምረጪ። አንድ ብቻ። ስልኩን ዐሥር ጊዜ አታገላብጪው። ቢቻልሽ አሳጥቢውና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። ከዚያ ዝም ብለሽ እዪው። የሰለቸሽ ሲመስልሽ ገና መጀመርሽ ነው፤ ትንሽ ቆዪ።

መጀመሪያ የሚታየውን ብቻ ጻፊ። «ያሳዝናል» አትበዪ። «ያ ደግ ዘመን» አትበዪ። ይህን ሁሉም ይላል። ያለውን ጻፊ። አልበሙ ውስጥ ያለውን የወጣቱን ፎቶ አስታውሺ፤ ፎቶ ቤት ገብቶ ቆሞ የተነሣውን። ኮቱ ሰፍቶታል፤ እጅጌው ጣቶቹ ድረስ ወርዷል። ፎቶ ቤቶች ለደንበኛ የሚያውሱት ኮትና ክራባት ነበራቸው፤ ዛሬም ለጉርድ ፎቶ የሚያውሱ አሉ። እንግዲህ ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው። ጫማው ግን የራሱ ነው። ጫማው ላይ ጭቃ አለ። ጭቃው ከየት መጣ? ከየት ሰፈር በእግሩ መጣ? ዝናብ ነበረ? ለማን ሊልከው ነው እንዲህ ቸኩሎ የተነሣው? ከኋላው ያለው መጋረጃ ላይ ደግሞ ባሕርና መርከብ ተሥሏል። ባሕር አይቶ ያውቅ ነበር? አየሽ፣ ጫማውን ስላየሽ ታሪክ ጀመርሽ። ኮቱን ብቻ ብታዪ ኖሮ «የጥንት ዘናጭ» ብለሽ ታልፊ ነበር።

ቀጥለሽ ከፎቶው ጠርዝ ውጪ ያለውን ጠይቂ። ጠርዙ ላይ የተቆረጠ ክንድ ካለ የማን ክንድ ነው? ሁሉም ወደ አንድ ወገን የሚያዩት ምን አይተው ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ ካሜራውን የያዘው ማነው? ይህን ጥያቄ አትርሺ። አደራ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አባቱን ያጣው ልዑል ዓለማየሁ በ7 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ሲወሰድ፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ዝነኛ ፎቶ አንሺ አንሥታዋለች። ፎቶውን ያየ ሁሉ ስለ ሕፃኑ ዐይን ያወራል። ልክ ነው፣ ዐይኑ ያናግራል። ግን ማን አስቀመጠው? ልብሱን ማን መረጠለት? በየትኛው ቋንቋ «አትንቀሳቀስ» አሉት? በዚያ ዘመን ካሜራ ፊት ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቁ መቀመጥ ግድ ነበር። ያንን ዝምታ መጻፍ የሚችል ሰው ከዐይኑ ብዙ አልፎ ይሄዳል።

ከካዛንቺስ በእግርሽ የምትደርሽበትን የአፍሪካ አዳራሽንም አስቢ። በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። የአፈወርቅ ተክሌ ትልቁ ባለቀለም መስታወት ያለው እዚያ ነው፤ 150 ካሬ ሜትር። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም እዚያው ነው። የዚያን ሰሞን የመሪዎቹን ፎቶ በየመጽሐፉ አይተሽዋል። ንጉሡ አሉ፣ ንክሩማ አሉ፣ ናስር አሉ። የእነሱን ታሪክ የሚጽፍ ሞልቷል። አንቺ ግን የካዛንቺስ ልጅ ነሽ። ምንጣፉን የጠረጉትን ጠይቂ። ውጭ መኪና ውስጥ እየጠበቀ እንቅልፍ የወሰደውን ሾፌር ጠይቂ። የዚያን ቀን ሻይ ያፈላችው ሴት ማታ ወደየትኛው ግቢ ነበር የምትገባው? በፎቶው የሉም፤ በቦታው ግን ነበሩ። ስማቸውን አግኝተሽ ከጻፍሽ ታሪክ ይሆንልሻል። ካላገኘሽ ልቦለድ አድርጊው፤ ልቦለድ መሆኑንም ለአንባቢሽ አትደብቂ። ሁለቱን መቀላቀል ለጊዜው ያስመሰግናል። ቆይቶ ግን እውነቱን ስትጽፊም የሚያምንሽ ታጫለሽ።

አሁን አንድ ደራሲ ላስተዋውቅሽ፤ ሥራዋን ፈልገሽ እንድታነቢ ነው። መዓዛ መንግሥቴ ትባላለች። አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ከአገር ወጣች። «ዘ ሻዶው ኪንግ» የሚል ልቦለድ በእንግሊዝኛ ጽፋ እ.ኤ.አ. በ2019 አሳተመች፤ በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ከሆኑት መጻሕፍት አንዱ ሆነ። የምትተርከው ስለ ጣሊያን ወረራና በዘመቻው ስለተሰለፉ ሴቶች ነው። አጻጻፏን ልብ በዪ። የጣሊያን ወታደሮች በወረራው ጊዜ ያነሷቸውን ፎቶዎች ለዓመታት ሰበሰበች፤ ጣሊያን አገር በየአሮጌ ዕቃ ገበያው እየዞረች። ካሜራው በወራሪው እጅ ነበር። ካዛንቺስን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ ብሎ የቆረቆረው ያው ወራሪ ነው። ወታደሩ ያገሬን ሴት «ጉድ እዩልኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ለመላክ አነሣት። መዓዛ ግን ፎቶውን በወታደሩ ዐይን አላየችውም። የሴቲቱን እጅ አየች፣ ትከሻዋን አየች፣ አንገቷን ያዞረችበትን አየች። ያዞረችው በፍርሃት ነው ወይስ በቁጣ ብላ ጠየቀች።

ልቦለዱ ውስጥ «ፎቶ» የሚሉ አጫጭር ክፍሎች አሉ። ፎቶው ራሱ ግን የለም። በቃል ተሥሏል። አንባቢው ያልታተመውን ፎቶ ያያል፤ ይህ ብቻ አይደለም፣ ከመነሣቱ በፊትና በኋላ የሆነውንም ያያል። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ኤቶሬ የሚባል የጣሊያን ወታደር ነው፤ ፎቶ አንሺ። እስረኞች ከገደል ሲወረወሩ እንዲያነሣ አለቃው ያዘዋል፤ ያነሣል። ይህን ስታነቢ ካሜራ የያዘ እጅ ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት ይገባሻል። የታሪኩ መክፈቻ ደግሞ በአብዮቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ነው። ሒሩት የምትባለው ሴት ፎቶዎች ያሉበትን ሣጥን ይዛ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ለገሃር ማለት ነው፣ ልጄ፤ የእኛው ቂርቆስ። አንቺ በየቀኑ በታክሲ የምታልፊበት ቦታ የዓለም ሰው የሚያነበው ታሪክ መነሻ ሆነ። ሠፈርሽን አትናቂው።

ከመዓዛ ሌላም የምትማሪው አለ። መጽሐፉን ልትጨርስ ስትል ቅድመ አያቷ ራሷ በዚያ ጦርነት የዘመተች መሆኗን ከእናቷ ሰማች። ይህች ቅድመ አያት ልጅ ሳለች የአባቷን ጠመንጃ ለማግኘት አባቷን እስከ መክሰስ ደርሳ ነበር። መዓዛ ለዓመታት የማታውቃቸውን ሴቶች ፊት ስታጠና፣ የራሷ ቤት ሴት ታሪክ እናቷ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም ብትላት፣ ጠይቀሽኝ አታውቂም አለቻት። መዓዛ ይህን በአደባባይ ተናግራዋለች። እንግዲህ አንቺ ጠይቂ። አያትሽ ዛሬ አሉ። ከካዛንቺስ ወጥተው ከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም ተቀምጠዋል፤ ጎረቤት የላቸውም፣ ቡና የሚጠሩት ሰው የላቸውም። አልበማቸው ከእሳቸው ጋር ነው። ሰው ሰው ሲያጣ ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ደግሞ ይረሳል። ቶሎ ሂጂ።

ስትሄጂ እንዲህ አድርጊ። ፎቶውን በእጃቸው አስይዣቸው። «ይሄ ማነው?» ብለሽ ብቻ አትለፊ፤ ስም ነግረውሽ ያበቃል። «ያን ቀን ምን በላችሁ?» በያቸው። «ማን አነሣችሁ? ስንት ከፈላችሁ? ማን ቀረ?» በያቸው። እንባ ከመጣ ዝም በዪ። ስልክሽን እንባቸው ላይ አትደግኚ። ድምፃቸውን መቅዳት ከፈለግሽ አስፈቅጂ። እሳቸው «ይሄን አትጻፊው» ያሉሽን አትጻፊው። ለጥሩ ታሪክ ብለሽ የሰው ገመና ከሸጥሽ፣ ዳግመኛ በሩን የሚከፍትልሽ አይኖርም።

ፈቃድ ስል መንገድ ላይ የምታነሺውንም ማለቴ ነው። ጎዳና ላይ የተኛ ልጅ ፎቶ አንሥተሽ ከራስሽ ታሪክ ፈጥረሽ አትለጥፊበት። ስሙን ጠይቂው። ካልፈለገ ተዪው። ፈቃድ ሊሰጡሽ የማይችሉም አሉ። መስቀል አደባባይ ወደሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አንድ ቀን ጎራ በዪ፤ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ፊት ነው። አብዛኞቹ የአንቺ እኩዮች ናቸው። ብዙዎቹ ፎቶዎች ለመታወቂያና ለትምህርት ቤት የተነሡ ጉርድ ፎቶዎች ይመስላሉ፤ ሲነሷቸው ለዚህ ግድግዳ ይሆናል ብሎ ያሰበ የለም። እዚያ ቆመሽ ቶሎ ለመጻፍ አትጣደፊ። ሟች አፉን ከፍቶ «እንዲህ አላልኩም» ሊልሽ አይችልም። ስለዚህ ቃል አታጉርሺው። ያለሽን ብቻ ጻፊ። ፀጉሩን ያበጠረበትን፣ የሸሚዙን ኮሌታ፣ አንቺን የሚያይበትን አስተያየት። እሱ ይበቃል።

ብቻዬን ነኝ ብለሽ አትፍሪ። ቀድመውሽ የጀመሩ አሉ። ሚካኤል ጸጋዬ ሥዕል ተምሮ የዘይት ቀለም ሰውነቱ አልስማማ ስላለው ወደ ካሜራ ዞረ። የሚፈርሱ ሰፈሮችን አነሣ፤ በመቃብር ድንጋይ ላይ ያሉ የተሰነጣጠቁና የደበዘዙ የሟቾች ፎቶዎችንም አነሣ። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርታ የአፍሪካ ፎቶ አንሺዎችን ሥራ እዚሁ ከተማችን አሳየች። ወንጌል አበበና ናፍቆት ገበየሁ ከፊሊፕ ሹትስ ጋር ሆነው ከየቤቱ አልበም የድሮ ፎቶዎችን ለቅመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚል መጽሐፍ አወጡ። የነገሥታት ፎቶ ድሮም ተጠብቋል፤ እነሱ ግን የሰርግ፣ የልደትና የሽርሽር ፎቶ ሰበሰቡ። እዚሁ ካዛንቺስ ደግሞ የመላኩ በላይ የባህል ቤት፣ ፈንድቃ፣ ነበረ። ግድግዳው ላይ ሥዕል ተሰቅሎ፣ መድረኩ ላይ ግጥም ይነበብ፣ ማሲንቆ ይመታ ነበር። ያ ቤት ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል። የሚታይና የሚሰማ ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት እንደሚኖር ግን አንቺ እዚያ ገብተሽ አይተሻል። ያየሽውን ጻፊ።

ስለ ልማድም ልንገርሽ። ማታ ማታ ከመተኛትሽ በፊት የዕለቱን አንድ ፎቶ ምረጪና አምስት ስድስት መስመር ጻፊ። ማን፣ የት፣ መቼ፤ ምን ይባል ነበር፣ ምን ይሸት ነበር፣ ፎቶው ላይ ያልወጣው ምንድን ነው። ከዚያ በላይ አትጨናነቂ። ነገ እጽፈዋለሁ አትበዪ፤ ነገ ሌላ ፎቶ ይመጣል። አንድ ዓይነት ሆነው ከተደጋገሙት አንዱን አስቀሪና ሌላውን አጥፊ። ሺህ ፎቶ ያለው ሰው አንዱንም አያየውም። ደህና ደህናዎቹን አሳጥቢ፤ ጀርባቸው ላይ በእርሳስ ስም ጻፊ። ስልክ ታክሲ ውስጥ ይረሳል፣ ይሰረቃል፣ ውኃ ይገባዋል። ስንቱ ሰው የልጁን የሕፃንነት ፎቶ ከስልኩ ጋር አጥቷል።

አንድ ስሕተት ደግሞ ብዙ ወጣቶች ላይ አያለሁ፤ አንቺም እንዳትለምጂው ነው። ፎቶው የሚያሳየውን መልሰው ይጽፉታል። ፎቶው አሮጊት ያሳያል፤ ጽሑፉ «አሮጊቷ ተቀምጣለች» ይላል። ታዲያ ከሁለቱ አንዱ ለምን አስፈለገ? አንባቢሽ ዐይን አለው። አሮጊቷ መቀመጧን ያየዋል። ከመቀመጧ በፊት የት ነበረች? ማን መጥቶ ያስነሣታል? ወንበሩ ከየትኛው ቤት የተረፈ ነው? ይህን አንቺ ብቻ ነሽ የምትነግሪው። ፎቶውና ቃሉ ሥራ ይከፋፈሉ፤ አንዱ የተሸከመውን ሌላው ደግሞ አይሸከም።

ይህን ትችያለሽ። ባትችዪ ኖሮ ይህን ሁሉ አልመክርሽም ነበር። ለእሑድ አያትሽ ዘንድ ሂጂ፤ የጭቃ ጫማ ያለውን ልጅ ፎቶ ጀምሪበት። ሁለት ገጽ ቢሆን ይበቃል። ስትጨርሺ ወደ እኔ ይዘሽ ነይ። ስትመጪ ግን ፎቶውን ቦርሳሽ ውስጥ አቆዪው፤ መጀመሪያ ጽሑፉን ላንብበው። ልጁ ምን እንደሚመስል አንብቤ ከነገርኩሽ በኋላ ፎቶውን ታወጪዋለሽ።